አጭሩና ረጅሙ፦ የሁለት ፊልሞች የሥራ ማስታወሻ

ለምን እንደጀመርነው

እኔ አጭር ፊልም ልሠራ ነው። ጓደኛዬ ደግሞ የመጀመሪያ ረጅም ፊልሟን ቀርጻ ጨርሳ ኤዲቲንግ ላይ ነች። ከሁለታችንም ጀርባ ድርጅት የለም። ገንዘቡ የራሳችን ነው። ከመሣሪያው ግማሹ ውሰት ነው። የሚያግዙን ሰዎች ከመደበኛ ሥራቸው በተረፈች ሰዓት የሚመጡ ናቸው።

ስለዚህ አንድ ነገር ተስማማን። ፊልሞቹ እስኪያልቁ ድረስ እየተገናኘን ያለንበትን እንነጋገራለን። እሷ የኔን ታያለች፤ እኔ የሷን አያለሁ። ይህ ማስታወሻ የዚያ ወሬ ውጤት ነው።

ፊልም ሠሪዎች ስለ ሥራቸው ሲያወሩ የምንሰማቸው ብዙውን ጊዜ ፊልሙ ካለቀ በኋላ ነው። መድረክ ላይ ወንበር ይደረደራል፣ ማይክ ይዞራል፣ ጥያቄና መልስ ይሆናል። እወደዋለሁ። ሁሌም እስከ መጨረሻው እቀመጣለሁ። ግን በዚያ ሰዓት ፊልሙ ተዘግቷል። የሚባለው ሁሉ ማብራሪያ ነው። ለፊልሙ ራሱ የሚጠቅመው ንግግር ገና መቁረጥና መቀጠል በሚቻልበት ጊዜ የሚደረገው ነው ብዬ አምናለሁ።

ስክሪፕቱ

ታሪኩ ይህ ነው። እኩለ ሌሊት ላይ ለአንድ ሽማግሌ ቁልፍ ሠሪ ስልክ ይደወላል። አንድ ወጣት «ቁልፍ ጠፍቶብኝ ውጭ ቀርቻለሁ» ይላቸዋል። ይመጣሉ። በሩ ፊት ቆመው ያወራሉ። በሩ ይከፈታል። ወጣቱ ግን የቤቱ ባለቤት አይደለም።

አንድ ቦታ፣ አንድ ሌሊት፣ ሁለት ሰው። አቅሜ የሚፈቅደው ይህንኑ ነው። ደግነቱ ታሪኩም ከዚህ በላይ አይፈልግም።

የመጀመሪያው ረቂቅ 17 ገጽ ሆነ። በተለመደው የስክሪፕት አጻጻፍ አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ገደማ ይወጣዋል። ርዝመት ለአጭር ፊልም ቀላል ጉዳይ አይደለም። የካን ፊልም ፌስቲቫል በአጭር ፊልም ውድድሩ ከ15 ደቂቃ በላይ አይቀበልም፤ ያውም የሠሪዎቹ ስም ዝርዝር ተቆጥሮ። የበርሊኑ ፌስቲቫል እስከ 30 ደቂቃ ይፈቅዳል። ለኦስካር ደግሞ አጭር ፊልም ማለት 40 ደቂቃና ከዚያ በታች ነው። ከሕጉ በላይ ግን የሚከብደው የፕሮግራም አዘጋጆች ጭንቀት ነው። አጫጭር ፊልሞች ብዙ ሆነው በአንድ ዝግጅት ነው የሚታዩት። አንድ የ25 ደቂቃ ፊልም የሁለት የሦስት ፊልም ቦታ ይይዛል። እንዲህ ያለው ፊልም ተመርጦ ለመግባት በጣም ጥሩ መሆን አለበት። ስለዚህ 12 ደቂቃን ላለማለፍ ወሰንኩ።

ስክሪፕቱን ለጓደኛዬ ላክሁላት። አንብባ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዛ መጣች።

«ሽማግሌው መቼ ነው የሚያውቁት?»

«በሩ ሲከፈት። ከኛ እኩል።»

«እንግዲያው ተመልካቹ አንዴ ይደነግጣል፣ ያልቃል። ገና ደረጃው ላይ እያሉ ቢያውቁትስ? አውቀው ቢከፍቱለትስ?»

ያን ቀን ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ። የሚገርመው ንግግሩ ውስጥ ብዙም የሚቀየር ነገር አልነበረም። ሽማግሌው መሣሪያቸውን እያወጡ «እዚህ ቤት ከገባህ ቆየህ?» ይላሉ። በመጀመሪያው ረቂቅ ይህ ጊዜ ማሳለፊያ ወሬ ነበር። አሁን ምርመራ ሆነ። «መብራቱ የት ጋ ነው?» ሲሉም እንደዚያው። ቃሉ ያው ነው፤ ክብደቱ ግን ሌላ ነው። ጥያቄውም «ወጣቱ ማን ነው?» መሆኑ ቀርቶ «እኚህ ሰው አውቀው ለምን ይከፍታሉ?» ሆነ። ይኸኛው ፊልም ይወጣዋል።

እንደገና ስጽፈው 11 ገጽ ላይ አረፈ። ማሳጠር ብዬ አልተነሳሁም። ሽማግሌው ካወቁ በኋላ ብዙ ማብራሪያ ከጥቅም ውጭ ሆነ።

በዚህ ሰሞን ብዙ ሰው «ይህ ለረጅሙ መንደርደሪያ ነው?» ብሎ ይጠይቀኛል። ጥያቄው ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። ዳይሬክተሩ ዴሚየን ሻዜል «ዊፕላሽ»ን መጀመሪያ በ18 ደቂቃ አጭር ፊልም አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2013 ሰንዳንስ በተባለው የአሜሪካ ፌስቲቫል ላይ የአጭር ፊልም ሽልማት አገኘ። በሚቀጥለው ዓመት ረጅሙ ወጣ፣ ሦስት ኦስካርም ወሰደ። ግን የረጅሙ ስክሪፕት ከአጭሩ በፊት ተጽፎ ነበር። አጭሩ ከዚያ ተቆርጦ የወጣ ትዕይንት ነው፤ ዓላማውም ገንዘብ ያላቸውን ሰዎች ማሳመን ነበር። ጥሩ መንገድ ነው። የኔ ግን እንዲህ አይደለም። ቁልፍ ሠሪው በሩን ከከፈቱ በኋላ የሚቀጥል ታሪክ የለኝም፤ እንዲኖረኝም አልፈልግም። አጭር ፊልም ሙሉ ነገር መሆን ይችላል።

ጓደኛዬ ልዩነቱን እንዲህ አስቀመጠችው። ረጅም ፊልም ላይ ተመልካቹ አንድን ነገር እንዲረሳው መፍቀድ ትችላለህ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ታስታውሰዋለህ። አጭር ፊልም ላይ የሚረሳ ነገር የለም። በመጀመሪያው ደቂቃ ያሳየኸው ሁሉ ለምክንያት የተቀመጠ ሆኖ ይታያል። ይህን ካለችኝ ወዲህ የመክፈቻ ገጹን ደጋግሜ አንብቤ ግድግዳ ላይ የሰቀልኩትን ካላንደር አወጣሁት። ምንም አይሠራም ነበር።

ተዋናዮቹ

ለቁልፍ ሠሪው አንድ አንጋፋ የቲያትር ተዋናይ ነበሩ በልቤ። ስክሪፕቱን ሰጠኋቸው። አንብበው ሲጨርሱ ፀጥ አሉና «ልጄ፣ ለምን እንደሚከፍትለት ገብቶኛል» አሉኝ።

«ይንገሩኝ ጋሼ።»

«አልነግርህም። ካወራሁት መሥራቱ ይከብደኛል።»

ስለ ፊልም ማውራት ይጠቅማል እያልኩ የምጽፍ ሰው ነኝ። ይህ ግን ልክ ነው። ለተዋናይ አንዳንድ ነገር በአፍ ከወጣ ይላላል። ከዚያ በኋላ ስለ ምክንያቱ አንስቼባቸው አላውቅም። ስለሚታየው ብቻ እንነጋገራለን። መቼ ቀና ይላሉ፣ መሣሪያውን በየትኛው እጅ ይይዛሉ፣ ከወጣቱ ምን ያህል ይርቃሉ።

ለወጣቱ የመረጥኩት ልጅ ካሜራ ፊት ብዙ ልምድ የለውም። ግን ሲያዳምጥ ፊቱ ይለወጣል። በዚህ ፊልም ከመናገር ይልቅ ማዳመጥ ስለሚበዛ ወዲያው ወሰንኩ።

ልምምዱን ጠበቅ አድርገን ይዘነዋል። ዳይሬክተሩ ክሪስቶፈር ኖላን እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣውን የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙን «ፎሎዊንግ»ን የሠራው በ16 ሚሊሜትር ፊልም ነው። ሁሉም ሰው ሌላ ሥራ ስለነበረው ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር የሚቀርጹት። የሚቀረጽበት ጥሬ ፊልም ውድ ስለሆነ ተዋናዮቹ አስቀድመው እንደ ቲያትር ይለማመዱ ነበር፤ ቀረጻ ላይ በአንድ ወይም በሁለት ቴክ (ሙከራ) ለመጨረስ። ዛሬ ሚሞሪ ካርድ ርካሽ ነው፣ እንደልብ መደጋገም ይቻላል። የሚያልቀው የሰው ጉልበት ነው። ጋሼን ሌሊቱን ሙሉ ደረጃ ላይ ቆመው እንዲደጋግሙ ማድረግ አልችልም። ስለዚህ ልምምዱ ቀን ላይ፣ ተቀምጠን፣ በእርጋታ ይሆናል።

ጋሼን ለማሠልጠን እውነተኛ ቁልፍ ሠሪ ጠርተናል። ሰውየው ስለ ትወና ምንም አላለም። አሮጌ ቁልፍ ፈትቶ ውስጡን አሳያቸው። በስፕሪንግ የሚገፉ ትናንሽ ዘንጎች አሉ። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ሁሉም በአንድ መስመር ይቆማሉ፣ ሲሊንደሩ ይዞራል። ያለ ቁልፍ የሚከፍት ሰው አንዱን ዘንግ ካንዱ በጣቱ እየለየ ነው የሚሄድ። «ዓይን አያስፈልገውም፣ ጣት ነው የሚያየው» አለ። ጋሼ ይህን ከሰሙ በኋላ በሩን ሲከፍቱ ቁልፉን ማየት ተዉ። ወጣቱን እያዩ መክፈት ጀመሩ። ስክሪፕቱ ላይ ያልነበረ ነገር ነው። አሁን የፊልሙ ዋና ሾት (ካሜራው ሳይቋረጥ የሚቀርጸው ምስል) እሱ ነው።

ቦታው

ደረጃ ያለው አሮጌ ሕንፃ አገኘን። ለዓይን ግሩም ነው። ለጆሮ ግን ከባድ። አንዴ አጨበጨብኩ፣ ድምፁ እስከ ላይ ወጥቶ ተመለሰ። ድምፅ ቀራጫችን ፊቱን አጨማደደ።

ሎኬሽን ለማየት ድምፅ ቀራጭን ይዞ መሄድ ከማውቃቸው ምክሮች ሁሉ የሚበልጥብኝ ነው። የደበዘዘ ሾት ተመልካች ይታገሳል። የማይሰማ ንግግርን ግን አይታገስም። ማይኩ ከተዋናዩ ያለው ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ቀጥታ የሚመጣው ድምፅ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። የግድግዳው ማስተጋባት ግን አይቀንስም። እንዲህ ባለ ደረጃ ውስጥ ማይኩ አንድ ክንድ ከራቀ ንግግሩ በማስተጋባቱ ይዋጣል። ስለዚህ ከካሜራው እይታ ውጭ ባለው ግድግዳ ሁሉ ወፍራም ብርድ ልብስ እንሰቅላለን። ቡሙም (ማይኩ የሚንጠለጠልበት ረጅም ዘንግ) እስከ ፍሬሙ ጠርዝ ይወርዳል።

ከታች ካለው ክፍል ፍሪጅ ይጮኻል። ባለቤቱ እንድናጠፋው ፈቅዷል። ድምፅ ቀራጩ የመኪናውን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ ሊያስቀምጥ ነው። ፍሪጁን ሳያበራ ወደ ቤቱ መሄድ አይችልም ማለት ነው። በፊልም ሠሪዎች ዘንድ የታወቀ ዘዴ ነው፤ ይሠራል።

መብራቱን ካሜራማኑ ፈትሾታል። በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ነው የምንቀርጸው፤ ሻተሩ፣ ማለትም እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ፣ እንደተለመደው 1/48 ሰከንድ ይሆን ነበር። የኤሌክትሪኩ ፍሪኩዌንሲ 50 ኸርዝ በሆነበት ቦታ ግን የደረጃ አምፖሎች ስክሪን ላይ እንዳይንቀጠቀጡ 1/50 ላይ ማድረግ ይሻላል። 60 ኸርዝ በሆነበት 1/60። ርካሽ የኤልኢዲ አምፖሎች ደግሞ በዚህም ላይስተካከሉ ይችላሉ፤ ሁለቱን በራሳችን አምፖል ቀየርናቸው።

ቀረጻ

መስኮቶቹን በጥቁር ጨርቅ ሸፍነን የሌሊቱን ታሪክ ቀን ላይ እንቀርጻለን። ጋሼ አይደክሙም፣ ጎረቤትም አይታወክም።

በስክሪፕቱ ቅደም ተከተል አልቀረጽንም። ካሜራው ወደ በሩ የሚያይባቸው ሾቶች መጀመሪያ፤ ወደ ደረጃው የሚያይባቸው ከዚያ በኋላ። መብራት በየጊዜው ከማዞር ያድናል። አስቸጋሪው ሁለቱ ሰዎች የሚተያዩበት መስመር ነበር። ካሜራው በሁለቱ መካከል ካለው ምናባዊ መስመር በአንድ ወገን ከቆየ ተመልካቹ ማን ማንን እንደሚያይ አይጠፋበትም። በጠባብ ደረጃ ላይ አንድ ሰው ሁለት ደረጃ ከወረደ መስመሩ ይዞራል። ካሜራማኑ ወለሉ ላይ በኖራ አስምሮ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ሆን ብለን አለፍነው፦ ሽማግሌው እውነቱ የሚገባቸው ቅጽበት ላይ። ተመልካቹ ለምን እንደሆነ አያውቅም፤ ግን የሆነ ነገር እንደዞረ ይሰማዋል።

መሀል ላይ የሕንፃው የውሃ ፓምፕ መጮህ ጀመረ። ጥሩ ቴክ ላይ ነበርን። አላቋረጥነውም። ጋሼ እስከ መጨረሻው ሄዱ። ፓምፑ ዝም ሲል ካሜራ ሳይከፈት ንግግሩን ብቻ እዚያው ደረጃ ላይ ደግመን ቀዳን። ተዋናዩ ገና ስሜቱ ውስጥ እያለ፣ በዚያው ቦታ ማስተጋባት የተቀዳ ድምፅ በኋላ ስቱዲዮ ገብቶ ከሚቀዳው በብዙ ይሻላል።

ከእያንዳንዱ ማዕዘን በኋላ ሁሉም ሰው ባለበት ቆሞ የቦታውን ባዶ ድምፅ እንቀዳለን። አንድ ደቂቃ ገደማ። ሰው ሁሉ መንቀሳቀስ ሲያምረው ነው ድምፅ ቀራጩ «ዝም በሉ» የሚለው። ያለዚህ ድምፅ ኤዲቲንግ ላይ በንግግሮች መካከል ያለው ክፍተት ጉድጓድ ይሆናል። የቁልፉን ድምፅ ደግሞ ለብቻው፣ በቅርብ፣ በዝግታ ቀዳን።

ማታ ማታ ኮፒ። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ሌላ ቤት። ኮፒው ተከፍቶ ሳይታይ ካርዱ ላይ ያለው አይደመሰስም። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

የሷ ፊልም

አሁን ወደ ጓደኛዬ። ታላቅ እህት ታናሿን ወደ አዲስ ሥራዋ ከተማ በመኪና ታደርሳታለች። አንድ ቀን ነው። ለዓመታት ያልተባለ ነገር መሀላቸው አለ። የመጀመሪያው ቅንብር 2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ነው።

ከመጀመራችን በፊት ሕግ አወጣች። «ምን ላድርግ አትበለኝ። የት እንደጠፋብህ፣ የት እንደሰለቸህ፣ የት እንዳላመንከኝ ብቻ ንገረኝ።» ይህ ሕግ ከዚህ ሁሉ ያተረፍኩት ትልቁ ነገር ነው። ሰው ችግርን ሲጠቁም አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። መፍትሔ ሲሰጥ ግን የራሱን ፊልም ይሠራል።

አየሁት። ደስ የሚል ነገር ሞልቶታል። የዝናቡ ትዕይንት ላይ ስደርስ ግን ወደ ኋላ ተደገፍኩ። መኪናው ቆሞ ሁለቱ ውጭ ዝናብ ውስጥ ይጨቃጨቃሉ፣ ይላቀሳሉ፣ ይታረቃሉ። ከፊልሙ ሁሉ ብዙ ገንዘብና ብዙ ሰው የፈጀው ትዕይንት ይህ ነው። ትወናውም እንከን የለውም።

«እዚህ ጋ መጠበቄን አቆምኩ» አልኳት።

«አለመውደድህ ነው?»

«ወደድኩት። ግን ከታረቁ በኋላ የቀረውን 40 ደቂቃ ለምን እንደማይ አላወቅኩም።»

ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ሲገባት ያየሁት ፊቷ ላይ ነው። ግድግዳዋ ላይ ትዕይንቶቹ በካርድ ተጽፈው ተለጥፈዋል። የዝናቡን ካርድ አነሳችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ቀጥሎ ያለው ትዕይንት ነዳጅ ማደያ ነው። ታናሿ ሁለት ጠርሙስ ውሃ ገዝታ አንዱን ሳትናገር ለታላቋ ታቀብላለች። ዝናቡ እያለ ይህ ተራ ነገር ነበር። ዝናቡ ሲወጣ የመጀመሪያው የመቀራረብ ምልክት ሆነ። እርቁ ገና አልመጣም፤ ሊመጣ ግን እንደሚችል ገባን። የቀረው 40 ደቂቃ ነፍስ ዘራ።

ትዕይንቱን ማውጣት ለሷ ቀላል አልነበረም። በዝናቡ የቆሙት ልጆች በሙሉ ጓደኞቿ ናቸው። ለእያንዳንዳቸው ደውላ ከማንም ሳይሰሙ ራሷ ነገረቻቸው። ትክክለኛ ነገር ያደረገች መሰለኝ። ነፃ ፊልም የሚሠራው በሰው ውለታ ነው። የሰው ድካም ሲቆረጥ ባለቤቱ ከዳይሬክተሩ አፍ መስማት አለበት።

ፊልሙ አሁን 1 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ሆኗል።

የኔ ኤዲቲንግ

የኔ ፊልም ከሷ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ግን እዚህ የሚለካው በፍሬም ነው። መክፈቻው ላይ ብዙ ቆየሁ። ስልኩ ሲጠራ ይጀምር? ወይስ ጋሼ ደረጃውን ሲወጡ? በስልኩ ሲጀምር ታሪክ ይነገረኛል። በደረጃው ሲጀምር ሰው አያለሁ፤ ኮቱ ከፒጃማው በላይ ተደርቧል፣ መሣሪያው ይከብዳል፣ በየወለሉ ቆም ይላሉ። የስልኩን ንግግር ድምፁን ብቻ ወስጄ ደረጃው ላይ አደረግሁት። በአንድ ሾት ሁለቱም አለ። አንድ ደቂቃ ሙሉ ተረፈ።

ለማያውቁን ሰዎች ማሳየት

ወዳጅ ለወዳጁ እውነት አይነግርም፤ ቢነግርም ለስለስ አድርጎ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ፊልሞች ለማያውቁን ሰዎች አሳየን። «ወደዳችሁት?» አልጠየቅንም። የኔ ጥያቄዎች እነዚህ ነበሩ፦ ሽማግሌው መቼ አወቁ? ወጣቱ ማን ነው? የትኛው ቦታ ላይ ስልካችሁን ማየት አማራችሁ?

አብዛኛው ሰው ሽማግሌው የሚያውቁበትን ቦታ አገኘ። መስመሩ የሚዞርበት ሾት ሠርቷል። ያልጠበቅነው ሌላ ነው። ከተመልካቾቹ ጥቂቶቹ ሽማግሌው የልጁ አባት ናቸው ብለው አስበዋል። ከየት እንዳመጡት ፈለግን። አንድ እይታ ነው። ጋሼ በሩ ከተከፈተ በኋላ ልጁን ረዘም አድርገው ያዩታል። በጣም የሚያምር እይታ ነው። ግን ሲረዝም የዝምድና ሆነ። ሁለት ሰከንድ ያህል ቆረጥኩ፤ አባትየው ጠፉ።

የጓደኛዬ ጥያቄዎች ሰዓት ላይ ያተኮሩ ነበሩ። ተመልካቹ የሚቁነጠነጥበትን ቦታ ከኋላ ተቀምጣ ትጽፍ ነበር። ወንበር ሲንቋቋ፣ ሰው ሲያስል፣ ጭንቅላት ሲዘነበል። ከተሞላው መጠይቅ በላይ ያመነችው ይህን ነው።

ድምፅ፣ ሙዚቃ፣ ቀለም

ሙዚቃ የለኝም። ቁልፉ ይበቃል።

ጓደኛዬ ግን መኪናው ውስጥ የሚከፈት አንድ የታወቀ ዘፈን ትፈልግ ነበር። ለዚህ ሁለት ፈቃድ ያስፈልጋል፦ አንዱ ከዜማና ግጥም ባለመብቱ፣ ሌላው የተቀዳው ድምፅ ባለቤት ከሆነው። አንዱ ብቻ በቂ አይደለም። አንዱን አገኘች፣ ሌላው አልመለሰም። ስለዚህ ለፊልሙ አዲስ ዘፈን አሠራች፤ ታላቅ እህትየዋ በማንጎራጎር ትይዘዋለች። አሁን ሳስበው የበለጠ የሷ ሆኗል።

ቀለሙ ላይ አንድ የተማርነው ነገር አለ። ኮምፒውተር ላይ ቀለም የሚስተካከልበት ሞኒተር ብዙ ጊዜ 100 ኒት (የብርሃን ድምቀት መለኪያ) ላይ ነው። የሲኒማ ስክሪን መደበኛ ብርሃን ግን 48 ኒት ነው፤ ክፍሉም ፍጹም ጨለማ። ፊልሜ በሙሉ ጨለማ ደረጃ ላይ ስለሆነ እዚህ ልዩነት ላይ ሁሉም ነገር ሊበላሽ ይችላል። ባዶ ሲኒማ ቤት ጠዋት ተፈቅዶልን አየነው። የጋሼ ዓይኖች በሁለት ሾት ጥላ ውስጥ ጠልቀዋል። በጥቂቱ አነሳናቸው።

ለሲኒማ የሚሄደው ፋይል ዲሲፒ ነው። እያንዳንዱ ፍሬም በጄፔግ 2000 ተጨምቆ ይቀመጣል። ፍሬሙን ስፋቱ የቁመቱ 1.85 እጥፍ አድርገን ስለቀረጽን መጠኑ 1998 በ1080 ፒክሰል ነው። ዲሲፒ-ኦ-ማቲክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ራሳችን ሠራነው። ዋናው ነገር ከመላኩ በፊት እውነተኛ ሲኒማ ላይ ከዳር እስከ ዳር ማየት ነው። የግርጌ ጽሑፉንም ያኔ ነው የምታነበው። ከሁለት መስመር አይበልጥም፤ ቋንቋውን የማያውቅ ሰው አንብቦ ፊት ለማየት ጊዜ ማግኘት አለበት።

ወዴት ይሂዱ?

አጭሩን ወደ ፌስቲቫሎች እያመለከትኩ ነው። እስከዚያ ኢንተርኔት ላይ አይወጣም። ብዙ ፌስቲቫሎች ቀድሞ በነፃ የተለቀቀ ፊልም አይወስዱም፤ የሚወስዱም አሉ። ለረጅም ፊልም ደግሞ «የመጀመሪያ እይታው እኛ ጋ ይሁን» የሚለው ግዴታ ይጠብቃል። ስለዚህ ጓደኛዬ የመጀመሪያዋን ቦታ በጥንቃቄ ነው የምትመርጠው። አንዴ ከሰጠች አይመለስም።

አከፋፋይ ካላገኘችስ? በዚህ ጉዳይ ደጋግመን የምናነሳው ዳይሬክተሩን ኃይሌ ገሪማን ነው። ፊልሙ «ሳንኮፋ» እ.ኤ.አ. በ1993 በርሊን ውድድር ላይ ቀረበ። አሜሪካ ውስጥ ግን የሚያከፋፍል ድርጅት አልተገኘም። እሱና ባለቤቱ ሽሪኪያና አይና ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ከከተማ ከተማ ራሳቸው አሳዩት። በየከተማው ያሉ ማኅበረሰቦች ወሬውን አዛመቱ፣ ሰው ተሰለፈ። ይህ የጀብዱ ወሬ ብቻ አይደለም፤ አሠራር ነው። መጀመሪያ ተመልካቹ ማን እንደሆነ ታውቃለህ፣ ከዚያ ወዳለበት ትሄዳለህ። ጓደኛዬ ከአሁኑ ዝርዝር ይዛለች። የሴቶች ማኅበራት፣ ኮሌጆች፣ የንባብ ቡድኖች። ፊልሟ ስለ እህቶች ነው፤ እህት ያላት ሁሉ ተመልካቿ ናት።

ሁለቱን በአንድ ምሽት

አንድ አዳራሽ ለመንን፣ ሰጡን። የኔን አጭር መጀመሪያ፣ የሷን ረጅም ቀጥሎ አሳየን። የኔ አልቋል። የሷ ግን ገና አልተዘጋም፤ ይህንም ለተመልካቹ አስቀድማ ነገረች። «ዛሬ የምትሉት ነገር ፊልሙ ውስጥ ሊገባ ይችላል» አለች። አዳራሹ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

ለኔ የመጣው ጥያቄ የሚጠበቀው ነው፦ «ለምን ከፈቱለት?» ጋሼ አጠገቤ ተቀምጠዋል። ማይኩን ላቀብላቸው ስል እጃቸውን አወዛወዙ። እኔም የራሴን ግምት አልተናገርኩም። ጠያቂዋን «አንቺስ ለምን ይመስልሻል?» አልኳት። የሰጠችው መልስ ከኔ ግምት የተለየ ነው፤ ፊልሙ ግን ይደግፈዋል። ከኋላ ያለ ሌላ ሰው አልተስማማም። እኔ ዝም ብዬ ለረጅም ጊዜ እርስ በርሳቸው ተከራከሩ። ከዚህ የበለጠ ደስታ በዚህ ሥራ አላየሁም።

ለጓደኛዬ አንድ ወጣት ተነስቶ «ታናሿ መጨረሻ ላይ ለምን ዞራ አላየችም?» አላት። ፊልሙ የሚያልቀው ታናሿ ከመኪና ወርዳ ስትሄድ ነው። እኔ የማውቀው ነገር አለ። የምትዞርበት ሾት ተቀርጿል። ማስገባት አለማስገባት ላይ ከረምን። ጓደኛዬ አልተከላከለችም።

«ብትዞር ምን ይሰማህ ነበር?»

ትንሽ አሰበና «ይቅር ያለቻት ይመስለኝ ነበር» አላት።

«እና አሁን?»

«አሁን አላውቅም። መንገድ ላይ ሳስበው የምሄድ ይመስለኛል።»

ዞር ብላ አየችኝ። ክርክራችን እዚያው አለቀ። ሾቱ ውጭ ይቆያል። በማግስቱ ፊልሙን ዘጋችው፤ 1 ሰዓት ከ38 ደቂቃ። አሁን ድምፅ አቀናባሪው ጋ ነው። መጀመሪያ የመኪናው ሞተር ድምፅ ከንግግሩ ሥር ይጸዳል፣ ከዚያ የማንጎራጎሩ ዘፈን ይገባል። ቀጣዩ ቀጠሯችን ሚክሱ (ድምፆቹ ሁሉ የሚዋሃዱበት ሥራ) ላይ ነው። እኔም የአዲስ ስክሪፕት የመጀመሪያ ገጾች ይዤላት እሄዳለሁ። እስካሁን ሁለት ገፀ ባሕርያትና አንድ ክርክር አለኝ።